ሰባተኛው ደረጃ ላይ ያለችው ስህተት

ምላሷ ስለታም ስለሆነ የአናጢዎች ማኅበር ሰዎች "መጋዟ" ይሏታል። እሷም ስሙን ወዳዋለች። ማኅበሩ በየዓመቱ አባላቱን አንድ ጥንታዊ ሕንጻ አስጎብኝቶ ራት ይጋብዛል፤ መጋዟ ቀርታ አታውቅም። ወንበር ገልብጣ አሠራሩን ሳታይ አትቀመጥም፤ ቢስቁባትም ደንታ የላትም።

ዘንድሮ ተራው የድሮው ማዘጋጃ ቤት ነበር። የጠምዛዛ ደረጃውን የእጅ መደገፊያ የሠራው ነፍሱን ይማረውና አባቷ ነው። ስሙ የትም አልተጻፈም። የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ እዚያው አባቷ ሥር ሙያ የለመደው ሰውዬ፣ "ዘንድሮ ስሙን ሰሌዳ ላይ አስቀርጻለሁ" ብሎ ቃል ስለገባላት አዲስ ቀሚስ አሰፍታ መጣች።

ደረጃው አጠገብ የተሰቀለው ሰሌዳ መጋረጃው ሲገለጥ "መደገፊያው በባሕር ማዶ ሊቃውንት የተሠራ" ይላል። አስጎብኚው ደግሞ "ቢፈልጉት አንዲት እንከን አይገኝበትም" ብሎ ጨመረበት። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ሊቀመንበሩም፣ ያ አፈር ያስበላው፣ አጨበጨበ!

"አባቴስ?" አለችው ጠጋ ብላ።

"እህቴ፣ የውጭ ሰው ሥራ ሲባል ጎብኚ ይበዛል። ተይው በቃ፣ ዝም አይነቅዝም።"

"ዝም አይነቅዝም፤ አንተ ግን ነቅዘሃል!"

ደሟ ፈልቷል። ቀሚሷን ሰብስባ ሰባተኛው ደረጃ ላይ ወጣችና አስጎብኚውን ጠራችው። "እንከን የለበትም ያልከው፣ ና እስቲ! እጅህን ከመደገፊያው ሥር አስገባ።"

አስጎብኚው ዳበሰ። ያለቦታዋ የተበሳች ቀዳዳ በሌላ እንጨት ተደፍናለች።

"የተደፈነችው በአባቴ መሮ እጀታ ነው። ሌላ እንጨት አልገጥም ሲለው የገዛ መሣሪያውን ቆረጠ።"

አናጢዎቹ ራቱን ትተው ተሰለፉ። እየዳበሱ "አለች!" ይላሉ፤ አንዱ ሽማግሌማ ባርኔጣውን አወለቀ።

"ታዲያ ሊቁ አባትሽ ተሳስቷል ማለት ነው?" አለ ሊቀመንበሩ፣ ሊስቅ እየሞከረ።

መጋዟ ከላይ ቁልቁል አየችው። ምስጢሩን እስከ ዛሬ በሆዷ ይዛ ኖራለች።

"የበሳኸው አንተ ነህ። እንዳትባረር ብሎ 'እኔ ነኝ የተሳሳትኩት' አለ፤ ስድቡንም እሱ ጠጣልህ። ስህተትህን በስሙ ተሸከመልህ፤ አንተ ስሙን እንኳ አልመለስክለትም። ና ዳብሳት፣ ቦታዋን ታውቃታለህ።"

ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየው። ሊቀመንበሩ ግን እጁን ከኪሱ አላወጣም።