የማይደገም ዕርቅ

እንድሪስ ሙዘይን ዓሣ አስጋሪ ነው፤ ሐይቅ ከተማ ተወልዶ፣ ከውኃው ዳር ሳይርቅ ጎልማሳ ሆነ። ከታናሽ ወንድሙ ከኑርዬ ጋር ከአባታቸው ሞት ወዲህ አይነጋገሩም። የተጣሉት በውርስ መሬት ነበር። በመሬት አዋጁ ጊዜ የገበሬ ማኅበሩ መሬቱን ለሌላ ሰው ደለደለው፤ ጠቡ ግን ለሁለቱ ቀረላቸው።

በ1974 ዓ.ም. ጥቅምት ከአዲስ አበባ የፊልም ሰዎች መጡ። የያዙት ስለ ሁለት ወንድማማች መሳፍንት የዙፋን ጠብ የሚያወራ የቆየ ቴአትር ነበር። አዘጋጁ ማዕረግ ታሪኩን ወደ ዘመኑ አምጥቶ መሳፍንቱን ዓሣ አስጋሪዎች፣ ዙፋኑን የማኅበር ጀልባ አደረገው። በቴአትሩ ታናሹ በመርዝ ይሞታል፤ በፊልሙ ሽማግሌ ያስታርቃቸዋል። መርዙን ከላይ ያሉት አልወደዱትም።

ማዕረግ መልካቸው የሚመሳሰል ሁለት ሰዎች ፈልጎ እንድሪስንና ኑርዬን መረጠ። መጣላታቸውን የነገረው የለም። እነሱም እምቢ አላሉም፤ እምቢ ያለው ፈራ ይባላል።

እንድሪስን ያስጨነቀው ሌላ ነበር። በመጪው ሐሙስ የልጁ የፈዲላ ኒካሕ ይታሰራል። አጎቷ ሳይኖር እንዴት ይሆናል? ጥሪው ደግሞ ከአፉ አልወጣ አለው።

በቀረጻው ቀን ዋርካው ሥር አስታራቂ ሆነው የተቀመጡት የከተማው ሽማግሌዎች ራሳቸው ነበሩ፤ ሸህ አሊ መሐል፣ አቶ አሻግሬ በቀኝ። ወንድማማቾቹ እንደተነገራቸው ተነስተው ተቃቀፉ። ሸህ አሊ እጃቸውን ዘርግተው ረጅም ዱዓ አደረጉ። አቶ አሻግሬም ከሌሎቹ ጋር «አሚን» አሉ።

«ቁረጥ! አንድ ጊዜ እንደገና» አለ ማዕረግ፤ «የመኪና ጡሩምባ ገባበት።»

«ምኑን ነው እንደገና?» አሉ ሸህ አሊ።

«ዕርቁን፣ አባቴ። ተጣልተው ይቁሙና…»

«ዱዓ ከተደረገ በኋላ? እናፍርሰው?»

«ፊልም እኮ ነው!»

«ፊልሙ ያንተ ነው፣ ልጄ። ዱዓው የኛ ነው። ይልቅ ከጡሩምባው ጋር ታረቅ።»

ሰው ሳቀ። ማዕረግ ወደ ወንድማማቾቹ ዞረ። «እናንተስ? ለአንድ አፍታ ብትጣሉልኝ?»

«እኔ እንጃ» አለ ኑርዬ። «ታላቄን ጠይቀው።»

እንድሪስ «አልጣላም» አለና ወደ ወንድሙ ዞረ። «ሐሙስ የፈዲላ ኒካሕ ነው።»

«ሰምቻለሁ። ከገበያ ነው የሰማሁት።»

«አሁን ከኔ ስማው። አንዱ ምስክር አንተ ነህ።»

ማዕረግ ድጋሚውን ትቶ ረዳቶቹን ዕቃ ሰብስቡ አላቸው።

«ሰንጋውንስ ማን ያርደዋል?» አለ ኑርዬ።

«አንተ ነህ እንጂ! እኔ ሳርድ ያመለጠኝን ረሳኸው?»

«እንዴት እረሳለሁ? እስከ ገበያው ነው ያሯሯጠን!» አለ ኑርዬ። «ቢላዋዬን ዛሬውኑ እስላለሁ።»