ካራማራን ሁለቴ የተሻገረ ጡት ማስያዣ

ጅግጅጋ ገበያ ውስጥ ጡት ማስያዣ የሚሸጡት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። «አባዮ፣ ነይ እህቴ! ስንት ቁጥር?» ብለው ሲጣሩ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያያል። እኔም «ሠላሳ ስምንት» ብዬ አንሾካሹኬ፣ ሳልለካው ቦርሳዬ ውስጥ ወሽቄ፣ የሰረቅኩ ይመስል እሮጣለሁ። ቁጥሩን የሰጠችኝ እናቴ ናት፤ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የመጀመሪያዬን ስትገዛልኝ።

በዚያው ቁጥር ሠላሳ ሦስት ዓመት ሞላኝ። ቢሮ ሪፖርት ሳቀርብ ማንገቻው ከትከሻዬ ይንሸራተታል፤ አንዱ እጄ ወረቀት ላይ፣ አንዱ ማንገቻ ላይ። ከሰዓት በኋላ ትከሻዬን ይቆረጥመኛል። አንድ ቀን አለቃዬ በሰው ፊት «ትከሻሽን ምን ነካው?» ሲለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። የሚቀጥለው ሪፖርት ደግሞ ለእንግዶች ነው። ያንን እንኳ በሁለት እጄ ሳላቀርብ ብቀር ሞቼ እገኛለሁ አልኩ።

ስልኬ ላይ አንዲት የአዲስ አበባ ነጋዴ አገኘሁ። ጅግጅጋ ተቀምጦ ልብስ ከአዲስ አበባ ማዘዝ ያስቃል፤ ዕቃው ራሱ በእኛ ገበያ አልፎ፣ የካራማራን ተራራ ተሻግሮ ወደዚያ የሄደ ለመሆኑ አልጠራጠርም። ግን ሴት ናት፣ ደግሞም በጽሑፍ ነው፤ የሚሰማ መንገደኛ የለም። «ውዴ፣ ከጡትሽ ሥር ዙሪያውን በሴንቲ ሜትር ለክተሽ ላኪልኝ» አለችኝ።

ሜትሩን ብቻዬን ከኋላ ማስተካከል ሲያቅተኝ እናቴን ጠራሁ። «ጡትም ይለካል? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ!» እያለች ለካችኝ። ሰማንያ አራት ሆነ። ነጋዴዋ «ሠላሳ ስምንት ነሽ» ስትል እናቴ «አላልኩሽም?» ብላ ኮራች። ዕቃው በሳምንቱ ደረሰ፤ ማንገቻው እንደ ድሮው ወረደ።

ተናድጄ ጻፍኩላት፤ እሷም መልሳ ጠየቀችኝ።

«ከኋላ ወደ ላይ ይሳባል?»

«ይሳባል።»

«እንግዲያው ሰፍቶሻል። ክብደቱን መሸከም ያለበት ዙሪያው ነው፤ እሱ ሲላላ ሸክሙ ትከሻሽ ላይ ይወድቃል። ለመሆኑ ሜትሩን ማን ያዘልሽ?»

ዞር ብዬ እናቴን አየኋት። አንገቷን ደፋች።

«ከሜትሩ ሥር አራት ጣት አስገብቼ ነው የለካሁሽ።»

«ለምን?»

«ታድጊበታለሽ ብዬ ነዋ።»

በሠላሳ ሦስት ዓመቴ! ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ዩኒፎርሜንም እንዲሁ ነበር የምታሰፋልኝ፤ እጅጌው ጣቴን ሳይሸፍን ያለፈ የትምህርት ዓመት አላስታውስም። ያቺ ሠላሳ ስምንት ቁጥርም ከመጀመሪያው ለማደጊያ የተገዛች ነበረች፤ እኔ ግን እስከዛሬ አልደረስኩባትም። ያለ ጣት እንደገና ስለካ ሰባ ስድስት ሆነ። ለካ ሠላሳ አራት ነኝ።

በዚያ ቁጥር ያዘዝኩት ሁለተኛው ልክክ አለ። ሪፖርቱን ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ ወረቀቱን በሁለት እጄ ይዤ አቀረብኩ። ትከሻዬን የጠየቀኝም የለም። ቤት ገብቼ እየሳቅኩ ስተርክላት እናቴ ተነስታ በሩን ዘጋች።

«በይ እኔንም ለኪኝ።»

ቀሚሷን ስታወልቅ ሳቄ ቆመ። ለእኔ ሁልጊዜ አስፍታ የምትገዛው እናቴ፣ የራሷ ጡት ማስያዣ ጠቧት ጎኗን ዙሪያውን አሰርጉዶታል።

«ስንት ዓመት ሆነው?»

«ለምጄዋለሁ» አለች።

ሜትሩን አዞርኩባት። እሷ ሁለት እጇን ወደ ላይ እንደያዘች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ያቺ ነጋዴሽ ቀይም አላት እንዴ?» አለችኝ።