ድምፅ የሌለው ንባብ

ማለዳ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ሳልፍ የዳዊት ተማሪዎች ተቀባብለው ሲጮኹ ከሰማሁ፣ እግሬ ሳላዘው ይቆማል። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ማንኩሳ አጠገብ ባለችው ደብራችን ዳዊት ያስተምሩ ስለነበር ቤታችን የሚነጋው በዚህ ጩኸት ነበር። አባባ ደጅ ተቀምጠው ሞፈር እየጠረቡም እንኳ ጆሯቸው ከልጆቹ አይለይም፤ አንዱ ድምፁን ዝቅ ካደረገ «ማነው የተኛው?» ይሉ ነበር። ለእሳቸው ንባብ በጆሮ የሚሰማ ነገር ነበር፤ ድምፁ ከጠፋ ንባቡም የለም።

ታላቅ እህቴ እማዋይሽ ግን ሌላ ዓይነት ንባብ ይዛ መጣች። ፍኖተ ሰላም ዘጠነኛ ክፍል ገብታ፣ እንደ ገጠር ልጅ ሁሉ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቋን ልትወስድ ስትመጣ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የተዋሰችውን መጽሐፍ በነጠላዋ ጠቅልላ ታመጣ ነበር። «እዚያ ከተቀመጥሽ እኮ ማንም ውኃ ቅጂ አይልሽም» እያለች ታስጎመጀኝ ነበር።

ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አምነዋት አንድ ወፍራም መጽሐፍ አዋሷት። ዝናቡ ሲወርድ እሷ በሩ ሥር ተቀምጣ፣ ከንፈሯን ገጥማ፣ አንዴ ፈገግ፣ አንዴ እንባ ቅርር እያለች ታነብ ነበር። አባባ ብዙ ቀን ሲያዩዋት ሰንብተው፣ አንድ ቀን አላስችላቸው አለ።

«እማዋይሽ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«እያነበብሁ ነው አባባ።»

«ታዲያ ድምፅሽስ?»

«በልቤ እኮ ነው የማነብ።»

አባባ በኋላ እናቴን «ይቺ ልጅ ልቧ ሸፍቷል፤ መጽሐፉ መከለያዋ ነው። ለብቻው የሚስቅ ጤነኛ የለም፣ ከተማ ውስጥ ያየችው ሰው አለ» ሲሏት ሰማሁ። እናቴ «ፈገግ ስላለች?» ብትል፣ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለው ዘጉት። ክፉ አባት አልነበሩም፤ የካህን ልጅ ስሟ ሳይነሳ ትዳር እንድትይዝ የፈሩ ሰው ነበሩ።

መስከረም ሲጠባ ጓደኞቿ ስንቃቸውን ተሸክመው ወደ ከተማ ሲወርዱ እማዋይሽ ቀረች፤ ፈረስ ቤት ከምትባል የደጋ ከተማ አንድ ዲያቆን ሽማግሌዎች ልኮ አባባ ቃል ሰጥተው ነበር። አለቀሰች፣ ለመነች፤ ሲደክማት ያንኑ መጽሐፍ ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው እየተመለሰች ደጋግማ አነበበችው። ጥር ላይ በቁርባን ተዳረች። ልትሄድ ስትል የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «መጽሐፉ የሰው ነው አባባ፣ ይመልሱልኝ።»

ሠርጉ እንዳለፈ አባባ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ መጽሐፉን እንደ ዳዊታቸው በብብታቸው ይዘው፣ እኔን አስከትለው ፍኖተ ሰላም ወረዱ። የቤተ መጻሕፍቱን በር ገፋ ሲያደርጉ ክፍሉ በተማሪ ተሞልቶ፣ ሁሉም አቀርቅሮ፣ ከወረቀት ኮሽታ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። አባባ ደነገጡ።

«ምነው ይህ ሁሉ ልጅ ዝም አለ?» አሉ ኃላፊውን።

«እያነበቡ ነው መሪጌታ።»

መስኮቱ አጠገብ አንዲት ልጅ ገጹን እያየች ለብቻዋ ፈገግ አለች። አባባ እሷን ሲያዩ ቆዩና መጽሐፉን አስረክበው ወጡ፤ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው «ልጄ እያነበበች ነበር» አሉ። ቁርባን አይፈርስም፤ ይህን ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

በሚቀጥለው መስከረም እዚያው ትምህርት ቤት እኔን ራሳቸው ወስደው አስገቡኝ። ለፋሲካ እህቴን ልንጠይቅ ስንነሳ «ያንኑ መጽሐፍ ተዋሽላት» አሉኝ፤ ይዘነው የፈረስ ቤትን ዳገት ወጣን። እማዋይሽ ልጅ አዝላ፣ ከስታ ተቀበለችን። መጽሐፉን ስታይ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ድምፅ አውጥቼ ላንብብልዎ አባባ?»

«የለም ልጄ፣ በልብሽ አንብቢ። እኔ አያለሁ።»

ገልጣ አቀረቀረች። አባባ ደስታቸው ፊታቸው ላይ ሞልቶ፣ የሚያወራውን ሁሉ «ዝም በሉ፣ እያነበበች ነው» እያሉ ይቆጡ ነበር። እኔ ግን ከጎኗ ነበርሁ። ዓይኗ ገጹ ላይ አንድ ቦታ ቆሞ ነበር፤ ሕፃኑ ነቅቶ እስኪያለቅስ ድረስ ገጹን አልገለጠችውም። አባባ ስታነብ አይቻለሁ ብለው ሞቱ፤ እኔም አልነገርኋቸውም።

ዛሬ ያንን ቤተ መጻሕፍት የምጠብቀው እኔ ነኝ። ድሮ ተማሪዎች መቀመጫ ለማግኘት ተሽቀዳድመው ይገቡበት ነበር፤ አሁን አብዛኞቹ ወንበሮች አቧራ ለብሰዋል፣ የሚመጡትም ስልካቸውን ቻርጅ ለማድረግ ነው። የከለከላቸው ሰው የለም፤ ይህ ነው አንጀቴን የሚበላኝ። በበሩ ሲያልፉ «ግቡ እንጂ ልጆቼ» ብዬ እለምናቸዋለሁ፤ አንዳንዱ ይስቅብኛል፣ አንዳንዱ ይገባል። አንዲት ልጅ ገብታ፣ መጽሐፍ ይዛ፣ ከንፈሯን ገጥማ ከተቀመጠች፣ መደርደሪያ የማጸዳ መስዬ አጠገቧ እቆማለሁ። ገጹን ስትገልጥ ሳላይ አልሄድም።