ከሻርፕ ሥር ያለ ቄጤማ

በቀዳም ሥዑር ጧት ከሐሙሲት ወደ ደብረ ታቦር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ቄሶቹ ያደሉትን ቄጤማ ግንባሩ ላይ ያላሰረ አልነበረም። ወይዘሮ ብርነሽ ግን አጠገባቸው የተቀመጠችውን ሴት ሰረቅ እያደረጉ ያያሉ። ጫማዋ የዓረብ አገር ነው፤ እጇን በረኪና ልጦታል። ቄጤማውን አስራ ስታበቃ ሻርፗን እስከ ቅንድቧ ስባበታለች።

«ምነው ልጄ፣ የምሥራቹን ሸፈንሽው?» አሏት።

«ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ እማማ» አለች። «እዚያ በሰው ቤት ቄጤማ ከየት ይመጣል? የሽንኩርት ቅጠል አስሬ በሻርፕ እሸፍነው ነበር። ልብስ ስተኩስ ሆን ብዬ ደብራችንን አስባለሁ፤ ቄሱ ሲያድሉ፣ እናቴ የእኔን ድርሻ ስትቀበልልኝ። አንድ ዓመት ካላሰብኩት የሚጠፋብኝ ይመስለኝ ነበር።»

ብርነሽ ስለ እናቷ ሊጠይቁ አሉና ጥቁር ቀሚሷን አይተው ተዉት።

«አሁንማ አገርሽ ገባሽ» ብለው ሻርፗን በገዛ እጃቸው ወደ ኋላ ገፋ አደረጉላት። ሴትዮዋ እንደ ልጅ ሳቀች፤ ቄጤማውን በጣቷ ዳሰሰችው።

ወረታ ላይ አዲስ ተሳፋሪ ሲገባ ግን እጇ ሳታዘው ተነሣና ሻርፑን ወደ ቅንድቧ መለሰው።