የሚንቀው ሰው
የሸክላ ሠሪ ልጅ ስለሆንኩ ትምህርት ቤት አላስገቡኝም።

በኮሮናው ጊዜ ደቡብ አፍሪካ፣ ጀርሚስተን ከተማ ወዳለው ሱቄ አንድ ድሃ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ይመጣል። ዳቦውን ከእጄ አይቀበልም፤ «እዚያ አስቀምጠው» ይላል። በሽታ ፈርቶ አይደለም፤ ማስክ እንኳ አያደርግም። አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፦ «አገሬ ሳለሁ አለቃዬ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። እዚህ በመጣሁ ቀን ግን ጥቁሮቹ ጌታዬ አሉኝ።»

አባቴ ትዝ አለኝ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ የመለሰን ጎረቤታችን ነበር፤ በሬ የሌለው፣ የሰው መሬት የሚያርስ። «የሸክላ ሠሪ ልጅ ከልጄ ጎን አይቀመጥም» አለ። መምህሩም በሩን ዘጋብን። አባቴ ጭቃ ጭቃ በሚሸት መዳፉ እጄን ይዞ ወደ ቤት መለሰኝ።

«ተወው ልጄ፤ ከእኛ በቀር የሚንቀው ሰው የለውም።»

ያኔ አልገባኝም።

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ፣ እዚሁ ባንኮኒ ላይ ነው። ስሜን ከነአባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፍኩት ጥር 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው።