ሻምበል ተሰማን ያሳረፍሁበት ጧት

ደብረ ዘይት ተዋጊ ስኳድሮን ሥራ የጀመርሁ ቀን አለቃዬ ሻምበል ተሰማ ከጄቱ ክንፍ ሥር ቆሞ ጠበቀኝ።

"የየት አገር ልጅ ነህ?"

"የጎንደር፣ አምባ ጊዮርጊስ።"

"ጥሩ። ሰማይ ላይ አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልግብህ። ከቀኝ ክንፌ እንዳትለይ።"

"ሸጋ!" አልሁ።

ሳቀብኝ። "እዚህ 'አቤት ጌታዬ' ነው የሚባለው፣ ምክትል መቶ አለቃ!"

ከሶማሌ ጋር የድንበሩ ጦርነት ሲነሣ ድሬዳዋ ሰፈርን። አንድ ጧት የጠላት መድፎች ላይ ዝቅ ብለን ተኩሰን ስንወጣ ሻምበል በሬዲዮ ጠራኝ።

"የፊት መስተዋቱ በጥይት ተሰብሮ ስብርባሪው ዓይኔ ውስጥ ገብቷል። ምንም አይታየኝም።"

ጄቱ አፍንጫውን ወደ መሬት ደፍቷል። "ቀና ያድርጉት! ትንሽ ይጨምሩ… በቃ፣ ሸጋ!"

ከጎኑ ተጠግቼ ግራ፣ ቀኝ እያልሁ እየመራሁት ድንበሩን ወደ አገራችን አለፍን። "አሁን በጃንጥላ መውረድ ይችላሉ" አልሁት።

"ዕውር ሆኜ በረሃ ላይ ብወድቅ ማን ያገኘኛል? አሳርፈኝ።"

እስከ ድሬዳዋ መራሁት። ማኮብኮቢያው ፊት ለፊት መጣ። ጎማ አስወጣሁት፤ ፍጥነት አስቀነስሁት።

"ምን ያህል ቀረኝ?"

"የባሕር ዛፍ ቁመት… አሁን የጎጆ ቁመት… የበሬ ቁመት…"

"በበሬ ነው የምታሳርፈኝ?" አለ። በዚያ ሰዓት ሁለታችንም ሳቅን።

"መሬት ይንኩ!"

ጄቱ አንድ ጊዜ ነጠረና ቀጥ ብሎ ሮጦ ቆመ። እኔ ዞሬ አረፍሁ። ስደርስ አምቡላንሱ ውስጥ ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሎ በሐኪሞቹ ላይ ይቀልድ ነበር። አንዱ ዓይኑ ዳነ። ተዋጊ ጄት ግን ዳግም አላበረረም፤ ከመቆጣጠሪያው ማማ ሆኖ እኛን ይመራን ጀመር።

በዚህ ሜዳይ ተሸለምሁና ለዕረፍት አገሬ ገባሁ። ጎረቤታችን አያ ውቤ ሜዳዩን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው።

"ስንት ጥለህ ነው?"

"ሰው ይዤ በመመለሴ ነው፣ አያ ውቤ። ዓይኑ ተመትቶ እየመራሁ አሳረፍሁት።"

"ምነው ታዲያ ለሰውየውም አልሰጡት? ዓይኑን ጨፍኖ የወረደው እሱ!"

አባቴ እስኪያስለው ሳቀ። ሻምበል ይህን ስነግረው "ሰውየው ልክ ነው፤ ግማሹን ቆርጠህ ስጠኝ" አለኝ።

ወደ ስኳድሮኑ ለሚመጡ አዲስ አብራሪዎች የምነግራቸው አጭር ነው፦ በክንፍ በኩል የሚበር ሰው ሥራው የሚያልቀው መሪው መሬት ሲረግጥ ነው።