የነኢማ ሞተርና የእኔ መሐላ

እንጨት አንኳኩቶ ሕመሙን የሚያውቅ ማነው ብላችሁ ሄርማታ ሰፈር ጠይቁ። ሌላ ስም ከጠሩላችሁ እኔ ወልደሰማያት አይደለሁም። ፊደል አልቆጠርኩም። ግንዱን ግን በጣቴ ኳ ኳ ሳደርገው ውስጡ ትል ይኑር፣ ስንጥቅ ይኑር፣ ራሱ ይነግረኛል። ካንድ የዋንዛ ግንድ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ፈልፍዬ አወጣለሁ፤ ምስማር የለ፣ ኮላ የለ። አንድ የሊሙ ቡና ነጋዴ ነበረ፣ ሰውዬው ወፍራም ነው፣ የተቀመጠበት ሁሉ ይሰበራል፣ በኔ በርጩማ ላይ ግን... እሱ ይቅር። የማወራው ስለ ነኢማ ነው።

ነኢማ የሟቹ ጓደኛዬ የሙርሺድ ልጅ ናት። ሙርሺድ የወፍጮ መካኒክ ነበር። እሱ ሲሞት የዕቃ ሳጥኑን አንስታ በሱ ቦታ ቆመች። አሁን አርባ ሊሞላት ነው። ከሰቃ እስከ አጋሮ የቡና መፈልፈያ ማሽን ሲቆም የሚጠሩት እሷን ነው። አዲስ ሰው ከሆነ "ወንድም የለሽም እንዴ?" ይላታል። እሷም "አለኝ፣ እሱ የሰርግ ፎቶ ነው የሚያነሳው" ትልና ቁልፏን ታወጣለች። ማሽኑ እስኪነሳ ሌላ ቃል አይወጣትም። አባቷም እንደዚያው ነበር። እኔ ነበርኩ ለሁለታችንም የማወራው።

አንድ ቀን ሻይ ቤት ቁጭ ብለን "አባባ፣ ሞተር ልገዛ ነው፤ ወይ ራሴ እሠራለሁ" አለችኝ።

መቼም ሞተር ሲባል እናንተ ምን ትሰማላችሁ? ሁለት ጎማ ያለው፣ ጭቃ ላይ የሚጮህ ነገር አይደለም? እኔም እሱን ሰማሁ። መንገዱ በክረምት እንዴት እንደሚያሰቃያት አውቃለሁ። "ደግ አደረግሽ" አልኳት። በወጣትነቴ ፍየል ታቅፌ ሞተር ላይ ተፈናጥጬ ሰቃ ድረስ የሄድኩትን አወራሁላት። ፍየሏ ብዙ አልጮኸችም።

"ሁለት ሰው ነው የምትይዘው" አለች። "ከኋላ የሚቀመጥ አጣሁ። ወንድሜም ሸሸኝ።"

"ወንድምሽ ምን ወንድ ነው? እኔ እቀመጣለሁ።"

"አይፈሩም?"

ሻይ ቤቱ ሙሉ ሰው ነው። ድምፄን ከፍ አደረግኩና "ከኋላሽ ካልተቀመጥኩ የሙርሺድ አጥንት ይውጋኝ" አልኩ።

ከዚያ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችኝ። ክንፍ አለው። ክንፉ ደግሞ ረጅም፣ ከዚህ እስከዚያ ማዶ ሱቅ ድረስ።

"ይሄ ምንድነው?"

"ሞተሯ ናታ። ሞተር ግላይደር ነው የምትባለው፣ ሞተር ያላት ተንሳፋፊ አውሮፕላን። ጥንብ አንሳ ክንፉን ሳያራግብ ሲዞር አይተው የለም? እንደሱ። ከፍ ካልን በኋላ ሞተሩን አጥፍተን እንንሳፈፋለን።"

"ማነው የሚያጠፋው?"

"እኔ።"

"ሆን ብለሽ?"

"ሆን ብዬ።"

ሻዬ ላይ ስኳር ጨመርኩ። ሳላማስል ደግሜ ጨመርኩ። ለሚስቴ እንኳ ያልነገርኩትን ልንገራችሁ፤ መሰላል ላይ ከሦስተኛው ደረጃ በላይ ወጥቼ አላውቅም። ጣራ ሥራ ሲለምኑኝ ኖረዋል፣ እምቢ ነው ያልኩት። ዕድሜ ልኬን በርጩማ የምሠራው ለምን ይመስላችኋል? ከመሬት ስለማይርቅ ነው።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፌም ምግቤም ተበላሸ። ኮርኒሱ ላይ አይጥ ሲሮጥ የሷ ሞተር ይመስለኛል። ነኢማ ደግሞ ኬንያ ሄዳ መብረር ተምራ መጣች። ሰቶ ሰመሮ ሰፈር የሚኖር አብሳሎም የሚባል የአውሮፕላን መካኒክ አለ፣ ከደብረዘይት በጡረታ የወጣ፣ መብረርም የሚያውቅ። የበረራ ፈቃዱን ወረቀት ይዞ አዲስ አበባ የሚመላለስላት እሱ ነው። እሱ ነው እንግዲህ ምርጫውን ያስቀመጠላት። አንደኛዋ ናይሮቢ ያለች፣ ያገለገለች፣ ፋብሪካ የሠራት ናት፤ ክንፏ ተነቅሎ መጋዘን ትገባለች። ሁለተኛዋ ፕላኑ ተገዝቶ እዚሁ በዝግባ የምትሠራ ናት።

"ግዢው ይሻላል፣ አየር ላይ ሆነሽ ቁልፍ አታወጪም" ይላል አብሳሎም።

"ፈትቼ ያልገጠምኩትን ማሽን አላምንም" ትላለች እሷ።

እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ። "መቀመጫዋስ?"

"የናይሮቢዋ ጎን ለጎን ነው" አለ አብሳሎም። "የምትሠራዋ ፊትና ኋላ።"

የማልኩት ከኋላ ነው፤ ጎን ለጎን ከሆነ ደግሞ ኋላ የሚባል የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደኔ የናይሮቢዋን ያወደሰ የለም። ፋብሪካ እንዲህ ነው፣ ፈረንጅ እንዲህ ነው እያልኩ። ፈረንጅ እንጨት ሲጠርብ አይቼ አላውቅም።

አልሰማችኝም። "እሠራለሁ፣ እንጨቱን እርስዎ ይምረጡልኝ" አለች። እኔ ወገቤን ይዤ ተኛሁ። ወገቤ ምንም አልሆነም። ካልመረጥኩላት ትተወዋለች ብዬ ነው። እሷ ግን ብቻዋን ሄዳ ዝግባውን ገዛች።

ስምንት ወር ሠራች። ሰቃ ውስጥ ከቡና ወቅት ውጪ ባዶ የሚሆን መጋዘን ተከራይታ ነበር። አንድ ጠዋት "ሜ፣ መጥተው ይዩልኝ" አለችኝ፤ "እስቲ" ማለቷ ነው፤ ሲደላት ኦሮምኛዋ ይቀድማል። ሄድኩ። ክንፉን ከዳር እስከ ዳር የሚሸከመው ረጅሙ እንጨት በቋሚ ላይ ተጋድሟል። አብሳሎም የክንፍ አጥንት ይለዋል። አልዋሽም፣ አሠራሯ ያምራል፣ እኔም ከዚያ የተሻለ የምሠራው በትንሹ ነው።

እጄ ልማዱን አይተውም። ኳ፣ ኳ፣ ኳ እያልኩ ሄድኩ። ወደ መሃሉ ስደርስ ድም አለ። ወደ ኋላ ተመልሼ መታሁ፤ ኳ። መሃሉን ደገምኩ፤ ድም።

ላቤ መጣ። ወደ ደጅ ወጣሁና ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ጆሮዬ ነው የሰማው ወይስ ፍርሃቴ? ስምንት ወር ሙሉ እንዳትሠራ ስመኝ ኖሬያለሁ፤ ምኞቴ ጣቴ ላይ ወጥቶስ ቢሆን? ታሟል ብላት ሻይ ቤቱ በሙሉ ሽማግሌው ሾልኮ ወጣ ሊል ነው። ዝም ብላት ደግሞ የሙርሺድ ልጅ ካየር ላይ... ተመልሼ ገባሁ።

"ነኢማ፣ ይሄ አጥንት ታሟል።"

ሳቀች። "የታመመው አጥንቱ ነው ወይስ ወገብዎ?"

"ጋሼ፣ እኔ በባትሪ ስንዝር በስንዝር አይቼዋለሁ" አለ አብሳሎም። "ምንም የለበትም። ከፈሩ ፈራሁ ይበሉ።"

"ፈራሁ" አልኩ።

ይቺን ቃል ስናገር በሰባ ስምንት ዓመቴ የመጀመሪያዬ ነው።

"ወገቤን አላመመኝም፣ ፈርቼ ነው የተኛሁት። የናይሮቢዋን ግዢ ያልኩሽ ጎን ለጎን ስለሆነች ነው፣ ከመሐላዬ እንድታወጣኝ። ሞተር ስትይኝም ሁለት ጎማ ያላት መስላኝ ነው የማልኩት። ጣራ ወጥቼ አላውቅም። ይኸው ሁሉን ነገርኩሽ። አሁን የሰማሁት በጆሮዬ ይሁን በፍርሃቴ እኔም አላውቅም። ግን ድም ብሏል። ቁረጪውና እዪው።"

"ጤነኛ ቢሆንስ?" አለ አብሳሎም። "ስምንት ወር እኮ ነው።"

ነኢማ እኔን ብዙ አየችኝ። "አባባ ስለራሳቸው እንዲህ ሲያወሩ ሰምተህ ታውቃለህ?" አለችው። መጋዝ አነሣች።

እሷ ስትቆርጥ እኔ ጣራውን ነበር የማየው። እንጨቱ ለሁለት ሲወድቅ ከመሃሉ ዱቄት ፈሰሰ። ትል ነው። ላዩ ንጹሕ፣ ውስጡ ጎሬ። ነኢማ ሌባ ጣቷን ከተተችው፣ እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባ። አብሳሎም ያን የሚያህል መካኒክ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። እሷ "አልሐምዱሊላህ" አለች፣ ቀስ ብላ፣ ጣቷን ሳታወጣ።

በሳምንቱ ናይሮቢ ደውላ ያገለገለችዋን ገዛች። ስልኩን ዘግታ ወደኔ ዞረችና "በሉ አባባ፣ ጎን ለጎን ናት። ከመሐላዎ ወጥተዋል" አለችኝ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ሰው ሁሉ ዝም ይል ነበር። ሻይ ቤት ነበርን መሰላችሁ፣ ሰው ይሰማል። "የሙርሺድ አጥንት ጎንና ኋላ ይለያል ያለሽ ማነው?" ብዬ አረፍኩት። ሁሉም አጨበጨበ። እኔ ሻዬ ላይ ስኳር ደጋገምኩ።

የናይሮቢዋ መጣች፣ በከባድ መኪና፣ ክንፎቿ ለብቻ ተጠቅልለው። ነኢማ መጀመሪያ ሁሉንም ፈታች፣ መልሳም ገጠመች፤ ክንፎቹ ብቻ ቀሩ። አብሳሎም ብቻውን ይሞክራታል፣ ቀጥሎ እኛ ነን፣ የፊታችን ማክሰኞ። ትናንት መጋዘኑ ሄጄ ጎኗን አንኳኳሁ። ጥ አለኝ። ሌላ ቦታ አንኳኳሁ፣ ያው ጥ ነው። እንጨት አይደለም፣ ፋይበር ነው ይላሉ። ለኔ አይናገርም።

"ምን አለዎት?" አለችኝ ነኢማ።

"ምንም አላለኝም።"

"እንግዲያው እኔን መስማት ነው" አለችና በሩን ከፍታ መቀመጫዬ ላይ አስቀመጠችኝ። ቀበቶውን ሳብኩ፣ አጠበቅኩ፣ ደግሜ አጠበቅኩ። እሷ ከጎኔ ቁጭ ብላ ትስቃለች። ገና መጋዘን ውስጥ ነን፣ ክንፏም አልተገጠመም።